አዲስ ሥራና የጤና መድን ምርጫ

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚሞላቸው ቅጾች መካከል ዓመቱን ሙሉ ኪሱን የሚከተለው የጤና መድን ቅጹ ነው። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢሳሳት በማግስቱ ይታረማል። መድን ግን አንዴ ከተመረጠ፣ ጋብቻን ወይም ልጅ መውለድን የመሰለ ለውጥ ካልተፈጠረ በስተቀር፣ የሚቀጥለው ዓመታዊ የምዝገባ ወቅት እስኪደርስ እንዳለ ይቆያል። ለመምረጥ የሚሰጠው ጊዜም ጠባብ ነው፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶች 30 ቀን፣ በአንዳንዶቹ ከዚያም ያነሰ። ቀኑ ካለፈ ሠራተኛው ያለ መድን ይቀራል፤ አለዚያም አሠሪው ራሱ በመደበለት ፕላን ውስጥ ይገባል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ለመጣ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ ነው። እዚያ አሠሪው ሕክምና እሸፍናለሁ ካለ ብዙ ጊዜ ከአንድ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ጋር ይዋዋላል፤ ሠራተኛውም መታወቂያውን ይዞ ይሄዳል። ምርጫ የሚባል ነገር አይነሳም። አሜሪካ ውስጥ አሠሪው ሁለት ሦስት ፕላን ዘርግቶ ምረጥ ይላል። አብዛኛው ሰው ታዲያ ከየቼኩ የሚቆረጠውን ገንዘብ ብቻ አይቶ ትንሹን ይወስዳል፤ ሌላው ደግሞ ውድ ከሆነ ጥሩ ይሆናል ብሎ ትልቁን። በሁለቱም መንገድ የመድኑ እውነተኛ ዋጋ አይታወቅም። ዋጋው የሚታወቀው የዓመቱ ወጪ በሙሉ፣ ጤና በሆኑበት ዓመትም በታመሙበት ዓመትም፣ ተደምሮ ሲታይ ነው።

መድን ከሥራ ጋር እንዴት ተቆራኘ

እ.ኤ.አ. በ1929 ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ ከተማ፣ ቤይለር ሆስፒታል ከከተማው መምህራን ጋር አንድ ስምምነት አደረገ። እያንዳንዱ መምህር በወር 50 ሳንቲም ያዋጣል፤ ከታመመ በዓመት እስከ 21 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ይታከማል። ብሉ ክሮስ ለተባለው የመድን ሥርዓት መነሻ የሆነው ይህ ስምምነት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ፣ በ1942፣ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ገደበ። ሠራተኛ የጠፋባቸው ፋብሪካዎች በደመወዝ መወዳደር ሲከለከሉ በጥቅማ ጥቅም መወዳደር ጀመሩ፤ የጤና መድንም ከገደቡ ውጭ ነበር። በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ደግሞ አሠሪው ለሠራተኛው መድን የሚከፍለው ገንዘብ ከግብር ነፃ መሆኑን አጸና። በጦርነት ጊዜ እንደ መላ የተጀመረው ነገር በዚህ መንገድ ቋሚ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መድናቸውን የሚያገኙት በሥራ በኩል ነው።

የዚህ ታሪክ ውጤት ሥራ የለወጠ ሰው ሁሉ መድኑንም አብሮ መለወጡ ነው። ሐኪሙ ያው፣ በሽታውም ያው ሆኖ ሳለ ካርዱ ይቀየራል፤ ከካርዱ ጋርም ሐኪሙ ሊቀየር ይችላል።

በ2010 የጸደቀው የጤና ሕግ፣ በተለምዶ ኦባማ ኬር የሚባለው፣ ይህን ቁርኝት አልፈታውም፤ ደንብ ግን አበጀለት። 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ፣ በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው መድን ካላቀረበ ሊቀጣ ይችላል። ቀድሞ የነበረ በሽታ ምክንያት ሆኖ ማንም አይከለከልም፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰውም ከሌላው የበለጠ አረቦን አይጠየቅም። የ30 ሰዓቱ ደንብ አንድ ክፍተት አለው። በአንዱ መሥሪያ ቤት 25 ሰዓት፣ በሌላው 20 ሰዓት የሚሠራ ሰው በሳምንት 45 ሰዓት ቢደክምም፣ ሕጉ ሁለቱን ሥራዎች ስለማይደምር አንዱም አሠሪ የማቅረብ ግዴታ አይኖርበትም። ሁለት ሥራ ይዞ መሮጥ የተለመደ በሆነበት በሐበሻው ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ፣ እንዲሁም ታክሲ ወይም ኡበር በራሱ የሚነዳ ሰው፣ መድን የሚያገኘው በመንግሥት የመድን ገበያ ወይም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የመንግሥት መድን፣ በሜዲኬይድ፣ በኩል ነው።

በአሮጌውና በአዲሱ ካርድ መካከል

አዲሱ መድን ሥራ በተጀመረበት ቀን ላይጀምር ይችላል። አሠሪው እስከ 90 ቀን ማስጠበቅ ይፈቀድለታል፤ ብዙዎች ከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ያስጀምራሉ። ስለዚህ ለቅጥር ክፍሉ መቅረብ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «መድኑ የሚጀምረው በስንት ቀን ነው?» የሚለው ነው። የአሮጌው ሥራ መድን የሚያበቃበት ቀንም እንዲሁ ይጠየቃል፤ አንዳንዱ በመልቀቂያው ዕለት፣ አንዳንዱ በወሩ መጨረሻ ያበቃል።

በመካከል ክፍተት ከተፈጠረ ኮብራ የሚባለው ሕግ አለ። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት ድርጅት የለቀቀ ሰው በቀድሞው መድን እስከ 18 ወር መቆየት ይችላል፤ ነገር ግን አሠሪው ይከፍልለት የነበረውን ድርሻ ጨምሮ ሙሉውን አረቦን፣ ከ2 በመቶ የአስተዳደር ክፍያ ጋር፣ ከራሱ ይከፍላል። ዋጋው ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሆኖም በዚህ ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ለመወሰን 60 ቀን ይሰጣል፤ ሲወሰንም ሽፋኑ መድኑ ከተቋረጠበት ዕለት ጀምሮ ወደ ኋላ ይሠራል። ክፍተቱ አንድ ወር ተኩል ብቻ የሆነ ሰው ማስታወቂያ ወረቀቱን አስቀምጦ መጠበቅ ይችላል። ምንም ካልደረሰበት አይከፍልም። በዚያ መካከል የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ቢያጋጥመው ግን ወረቀቱን ሞልቶ ወደ ኋላ ያለውን አረቦን ይከፍላል፤ ቀዶ ሕክምናውም ይሸፈናል። ይህ የሚሠራው 60 ቀኑ ሳያልፍ ብቻ ነው። በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከአሮጌው ሥራ ከመልቀቁ በፊት የ90 ቀን መድኃኒት ቢያስሞላ ክፍተቱን በሰላም ይሻገራል።

አምስቱ ቁጥሮች

እያንዳንዱ ፕላን የጥቅምና ሽፋን ማጠቃለያ የሚባል ሰነድ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ሰነዱ በየትኛውም ኩባንያ ቅርጹ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥያቄዎቹ በአንድ ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻውም ገጽ ላይ ልጅ መውለድ፣ የስኳር ሕመምን መከታተልና የአጥንት ስብራት በዚያ ፕላን ስንት እንደሚያስወጡ በምሳሌ ይታያል። የኩባንያው ባለ ሥዕል ብሮሹር ያለው ጥቅም ትንሽ ነው። ሁለት ፕላን የሚያወዳድር ሰው ሁለቱን ማጠቃለያዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ አምስት ቁጥሮችን ይፈልጋል።

አንደኛው አረቦኑ ነው፤ ታመሙም አልታመሙም ከየቼኩ የሚቆረጠው ገንዘብ። ሁለተኛው ዲዳክቲብል ነው፤ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው በዓመቱ ውስጥ ከኪሱ የሚያወጣው መጠን። ሦስተኛው ኮፔይ፣ ሐኪም ዘንድ ወይም መድኃኒት ቤት በሄዱ ቁጥር የሚከፈል የተቆረጠ ዋጋ ነው። አራተኛው ኮኢንሹራንስ ነው፤ ዲዳክቲብሉ ከሞላ በኋላ ታካሚው ከቀሪው ሒሳብ ላይ በመቶኛ የሚጋራው ድርሻ፣ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ። አምስተኛው የኪስ ወጪ ጣሪያ ነው። ታካሚው በዓመት ውስጥ ያወጣው እዚህ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ከዚያ በኋላ ያለውን፣ መቶ ሺሕም ይሁን ሁለት መቶ ሺሕ ዶላር፣ መድኑ ይከፍላል። ሕጉ በ2025 ይህ ጣሪያ ለአንድ ሰው ከ9,200፣ ለቤተሰብ ከ18,400 ዶላር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። አረቦኑ በጣሪያው ውስጥ አይቆጠርም።

ከአምስቱ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ቤተሰብን ከዕዳ የሚያድነው ግን እርሱ ነው። ሳል ወይም ጉንፋን ማንንም አላከሰረም። የሚያከስረው ካንሰር፣ የመኪና አደጋ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ነው፤ በዚያ ጊዜ ዲዳክቲብሉ በአንድ ቀን ይሞላል፤ የቀረው ጥያቄ ጣሪያው የት ነው የሚለው ብቻ ይሆናል።

ዲዳክቲብል ሳይሞላም፣ ያለ ኮፔይም በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት አለ፤ ዓመታዊ ምርመራ፣ ክትባት፣ የጡት ካንሰር ምርመራ፣ ከ45 ዓመት ጀምሮ የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራና የመሳሰሉት፣ ሐኪሙ የኔትወርኩ፣ ማለትም ከመድኑ ጋር የተዋዋሉት ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ስብስብ፣ አባል እስከሆነ ድረስ። በዚያው ቀጠሮ «ጉልበቴንም ያመኛል» ብሎ ሌላ ሕመም ያስታየ ሰው ግን ለዚያኛው የተለየ ሒሳብ ሊመጣበት እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ቤተሰብ የሚያስመዘግብ ሰው አንድ ነገር ጨምሮ ያያል። በአንዳንድ ፕላን እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ ዲዳክቲብል አለው፤ የአንዱ ሲሞላ መድኑ ለእርሱ መክፈል ይጀምራል። በሌላው ደግሞ የቤተሰቡ በሙሉ ካልሞላ ለማንም አይከፈልም። አንድ ሕመምተኛ ልጅ ብቻ ባለበት ቤት ልዩነቱ በሺሕ የሚቆጠር ዶላር ነው።

ሁለት ፕላን በወረቀት ላይ

አንድ አዲስ ተቀጣሪ ለራሱ ብቻ ከሁለት ፕላን አንዱን እንዲመርጥ ቀረበለት እንበል። ቼክ የሚቀበለው በየሁለት ሳምንቱ፣ በዓመት 26 ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ፕላን ከየቼኩ 95 ዶላር ይቆርጣል፤ ዲዳክቲብሉ 500፣ ኮኢንሹራንሱ 20 በመቶ፣ ጣሪያው 4,000 ዶላር ነው። ሁለተኛው 35 ዶላር ይቆርጣል፤ ዲዳክቲብሉ 2,000፣ ኮኢንሹራንሱ ያው 20 በመቶ፣ ጣሪያው 5,000 ዶላር ነው፤ አሠሪውም ከታች በሚብራራው የጤና ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ 750 ዶላር ያስገባለታል።

ብዙ ሰው 2,000 የሚለውን ቁጥር አይቶ ሁለተኛውን ይሸሻል። ወረቀትና እርሳስ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ይታያል። የአንደኛው የዓመት አረቦን 2,470 ዶላር፣ የሁለተኛው 910 ዶላር ነው። የሕክምና ሒሳቡ 600 ዶላር ብቻ በሆነበት ጤነኛ ዓመት አንደኛው በጠቅላላ 2,990 ዶላር ያስወጣል፤ ሁለተኛው አሠሪው ያስገባው 750 ሲቀነስ 760 ዶላር። አሁን ደግሞ ክፉው ዓመት ይታይ፤ ሆስፒታል ተገብቶ 40,000 ዶላር ተጠየቀ። በሁለቱም ፕላን ጣሪያው ይነካል። አንደኛው 2,470 ሲደመር 4,000፣ ማለትም 6,470 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛው 910 ሲደመር 5,000፣ ከዚያም 750 ሲቀነስ 5,160 ዶላር። አስፈሪ የመሰለው ፕላን በጤናም በሕመምም ይረክሳል፤ በመካከል ባለው በማንኛውም የሒሳብ መጠንም እንዲሁ።

ይህ ለምሳሌ ሲባል ብቻ የተፈጠረ ሁኔታ አይደለም። ባርጋቫ፣ ሎዌንስታይንና ሲድኖር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ድርጅት ውስጥ 23,894 ሠራተኞች ያደረጉትን ምርጫ መርምረው ነበር። ዝቅተኛ ዲዳክቲብል ያላቸው ፕላኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ሰውዬው ቢታመምም ባይታመምም፣ ከሌላ ፕላን የበለጠ የሚያስወጡ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሠራተኞች የመረጡት እነርሱን ነው፤ ያለ ጥቅም ያወጡትም ገንዘብ ከአረቦናቸው 24 በመቶ ያህል ደርሷል። ተሳስቶ የመምረጥ ከፍ ያለ ዕድል የነበራቸው ደግሞ ደመወዛቸው ዝቅተኛ የሆኑት ናቸው። ሩብ ሰዓት የሚፈጀው የመደመርና የመቀነስ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ለእነርሱ ነበር።

ሒሳቡ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አያደላም። ይኸው ሰው ሥራ የጀመረው በፈረንጆች ኦክቶበር መጀመሪያ ቢሆንና በኖቬምበር 10,000 ዶላር የሚያስወጣ ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቀው ቢያውቅስ? ዲዳክቲብል በአብዛኛው ፕላን በጃንዋሪ 1 እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ በቀድሞው መሥሪያ ቤት የተከፈለውም ወደ አዲሱ መድን አይዛወርም። በቀሩት ሦስት ወራት ስድስት ቼክ ቢቀበል አንደኛው ፕላን 570 ዶላር አረቦንና 2,400 ዶላር የሕክምና ድርሻ፣ በድምሩ 2,970 ዶላር ያስወጣዋል። ሁለተኛው 210 እና 3,600፣ በድምሩ 3,810 ዶላር፤ አሠሪው ለሦስት ወር የሚያስገባው ተመጣጣኝ ድርሻ፣ 190 ዶላር ገደማ፣ ቢቀነስም ይበልጣል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሥራ የጀመረ ሰው ስለዚህ የሚያስበው ለሦስት ወሩ ብቻ ነው፤ የዓመታዊው ምዝገባ ወቅት በመጸው ሲመጣ ለአዲሱ ዓመት እንደገና ይመርጣል።

ሌላም ነገር አለ። በዓመት ሲደመር የሚረክሰው ፕላን ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ደመወዙ ከቤት ኪራይና አገር ቤት ከሚልከው ገንዘብ የማያልፍ ሰው በጃንዋሪ የ2,000 ዶላር ሒሳብ ቢመጣበት ከየት ያመጣዋል? ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ከ1974 እስከ 1982 ባካሄደው ታላቅ ሙከራ፣ ከኪሳቸው የበለጠ እንዲከፍሉ የተደረጉ ሰዎች ሕክምና ቀንሰው ታይተዋል፤ የቀነሱት ግን የማያስፈልገውን ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልገውንም ነበር። ደም ግፊት ያለባቸው ድሆች በነፃ ሲታከሙ ግፊታቸው ይበልጥ በቁጥጥር ሥር ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ከፍተኛ ዲዳክቲብል ያለውን ፕላን የሚመርጥ ሰው ከየቼኩ የተረፈውን 60 ዶላር በቁጠባ ሒሳቡ ማስቀመጥ አለበት። የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ወይም ሒሳቡን ፈርቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚተው ከሆነ፣ ዲዳክቲብሉ ትንሽ የሆነው ውድ ፕላን ይሻለዋል፤ ያልታከመ ስኳር ከማንኛውም አረቦን የከፋ ዋጋ ያስከፍላልና።

የጤና ቁጠባ ሒሳቡ፣ ኤችኤስኤ የሚባለው፣ ከፍተኛ ዲዳክቲብል ካለው ፕላን ጋር ብቻ የሚከፈት ነው። በ2025 ለአንድ ሰው እስከ 4,300፣ ለቤተሰብ እስከ 8,550 ዶላር ይገባበት ነበር። ገንዘቡ ሲገባም፣ ሲያድግም፣ ለሕክምና ሲወጣም የፌዴራል ግብር አይከፈልበትም፤ ሥራ ሲለወጥም የሠራተኛው ንብረት ሆኖ ይከተለዋል። ኤፍኤስኤ የሚባለው ሌላው ሒሳብ ግን ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ለዓመቱ የተመደበው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊወጣ ቢችልም፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያልተጠቀሙበት፣ አሠሪው ከሚፈቅደው ትንሽ ማሸጋገሪያ በቀር፣ ይጠፋል። ባልየው ኤችኤስኤ ሚስት ደግሞ አጠቃላይ ኤፍኤስኤ በየመሥሪያ ቤታቸው ከያዙ፣ የእርሷ ኤፍኤስኤ የእርሱን ወጪ ስለሚሸፍን እርሱ በኤችኤስኤው ገንዘብ ማስገባት አይፈቀድለትም። ይህን ባለማወቅ ግብር ሲታሰብ የሚቸገሩ ባልና ሚስት አሉ።

ሐኪሙና መድኃኒቱ

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ኔትወርኩ ይታያል። ኤችኤምኦ የሚባለው ፕላን ታካሚውን ከኔትወርኩ ውጭ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር፣ አይሸፍንም፤ ወደ ስፔሻሊስት ለመሄድም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ሐኪሙን ሪፈራል ይጠይቃል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የሚኖር ሐበሻ በደንብ የሚያውቀው ካይዘር ፐርማነንቴ የዚህ ዓይነት ነው፤ ሐኪሙም፣ ላቦራቶሪውም፣ መድኃኒት ቤቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው። ፒፒኦ የሚባለው ያለ ሪፈራል ያስኬዳል፤ ከኔትወርክ ውጭም በከፊል ይከፍላል፤ አረቦኑ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ከኔትወርክ ውጭ የወጣ ገንዘብ ከላይ በተባለው ሕጋዊ ጣሪያ አይገደብም።

አማርኛ የሚናገር ሐኪም ያላት እናት፣ ወይም ለዓመታት የሚከታተላት የማሕፀን ሐኪም ያላት ነፍሰ ጡር፣ ወደ ክሊኒኩ ደውላ ማረጋገጥ አለባት። የምትጠይቀው የኩባንያውን ስም ብቻ ከሆነ መልሱ ያሳስታል፤ አንድ ኩባንያ በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ኔትወርኮች ሊኖሩት ይችላል። የፕላኑን ሙሉ ስም ከማጠቃለያው ላይ አንብባ «ለዚህ ፕላን በኔትወርክ ውስጥ ናችሁ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ለምትወልድበት ሆስፒታልም እንዲሁ። በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ያለው የሐኪሞች ዝርዝር ብዙ ጊዜ ያረጀ ስለሆነ ብቻውን አይታመንም።

መድኃኒትም በዝርዝር ይመደባል። ሜትፎርሚንን የመሰለ ርካሽ የስኳር ክኒን በአብዛኛው ፕላን ዝቅተኛው እርከን ላይ ይገኛል፤ ኢንሱሊን ግን በአንዱ ፕላን አንደኛው ምርት፣ በሌላው ሌላው ምርት ይመረጣል። አንዳንዱ መድኃኒት መድኑ አስቀድሞ ካልፈቀደ አይሸፈንም። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን ጽፎ በየፕላኑ ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ከሩብ ሰዓት አያልፍም።

ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራው ድንገተኛ ሒሳብን የሚከለክለው ሕግ፣ ኢመርጀንሲ የገባ ሰው ሆስፒታሉ ወይም ማደንዘዣ ሰጪው ከኔትወርክ ውጭ ነው ተብሎ ተጨማሪ ሒሳብ እንዳይጠየቅ ይከላከላል። በመንገድ የሚሄደው አምቡላንስ ግን በዚህ ሕግ አልተካተተም።

ቤተሰብ

በ2024 ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ተቋም ባደረገው ጥናት በአሠሪ በኩል የሚገኝ የቤተሰብ መድን አማካይ ዋጋ በዓመት 25,572 ዶላር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው በአማካይ 6,296 ዶላር ይከፍል ነበር። ለራሱ ብቻ ሲሆን ግን 1,368 ዶላር ነበር። አሠሪዎች ለሠራተኛው በብዛት እየከፈሉ ለቤተሰቡ እጃቸውን ስለሚሰበስቡ፣ ሁለቱም በሚሠሩበት ቤት ሁሉንም በአንዱ መድን ውስጥ ማስገባት ሁልጊዜ አይረክስም። ባል በራሱ፣ ሚስት ልጆቹን ይዛ በእርሷ መሥሪያ ቤት ቢሆኑ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንድ አሠሪም የትዳር ጓደኛው በራሱ ሥራ መድን እያለው ወደ እርሱ ከመጣ ተጨማሪ ያስከፍላል። ልጆች በሁለቱም ወላጆች ከተመዘገቡ ቀድሞ የሚከፍለው፣ ዓመቱ ሳይታይ በወርና በቀን ልደቱ የሚቀድመው ወላጅ መድን ነው። ሁለቱም ወላጆች በሰነዳቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈላቸው ከሆነ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየው መድን ይቀድማል።

ለቤተሰብ የሚቆረጠው ገንዘብ ከቤተሰቡ ገቢ አንጻር ከባድ ከሆነ፣ በ2025 ከ9.02 በመቶ በላይ ማለት ነበር፣ ሚስትና ልጆች በመንግሥት የመድን ገበያ ድጎማ ማግኘት ይችላሉ፤ ይህ የተፈቀደው ከ2023 ጀምሮ ነው። ልጆቻቸው በሜዲኬይድ ያሉ ወላጆችም አዲስ ሥራ ስለተገኘ ብቻ ልጆቹን ማስወጣት የለባቸውም፤ ለልጆች የተቀመጠው የገቢ ወሰን ከአዋቂዎቹ ከፍ ያለ ስለሆነ ብቁ ሆነው ሊቀጥሉ ይችላሉ። የገቢው ለውጥ ግን መነገር አለበት።

ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጁ መድን መቆየት ይችላል። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባትን ግን በሠራተኛ መድን ውስጥ ማስገባት በአብዛኛው አይቻልም። ለጉብኝት ለመጡት የጎብኚ መድን ይገዛል፤ ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጆች በመድን ገበያው መግዛት ይችላሉ፤ 65 ዓመት ሞልቷቸው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ ደግሞ አረቦን ከፍለው ሜዲኬር ወደሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን መግባት ይችላሉ።

ከምዝገባው ወቅት ውጭ በር የሚከፈተው በጋብቻ፣ በልደት፣ በጉዲፈቻ ወይም ሌላ መድን በማጣት ነው፤ የሚሰጠውም ጊዜ ቢያንስ 30 ቀን ነው፤ ሜዲኬይድ ለተቋረጠበት ሰው 60 ቀን። አዲስ አበባ ሄዶ ያገባ ሰው 30 ቀኑ የሚቆጠርበት ከሠርጉ ዕለት እንጂ ከተመለሰበት ቀን አይደለም፤ ሚስቱ ቪዛ አግኝታ የምትመጣውም ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት የመሥሪያ ቤቱን የሰው ኃይል ክፍል፣ ስትመጣ የሚያስመዘግብበትን መንገድ በጽሑፍ ይጠይቃል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ሆስፒታል ውስጥ ስለተወለደ ብቻ አይመዘገብም። በ30 ቀን ውስጥ ከተመዘገበ ሽፋኑ ከተወለደበት ዕለት ይጀምራል፤ ካለፈ ግን የሕፃኑ የሆስፒታል ሒሳብ በወላጆቹ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አለመመዝገብና መመዝገብ

ወጣትና ጤነኛ የሆነ ሠራተኛ «ለምን ይቆረጥብኛል?» ብሎ ሁሉንም ሊተው ይችላል። በ1986 የወጣው ሕግ ኢመርጀንሲ የመጣን ሰው ሆስፒታሉ ከፋይነቱን ሳይጠይቅ እንዲያረጋጋው ያስገድዳል፤ ሒሳቡን ግን አይሰርዝለትም። መድን የሌለው ሰው ላይ የፌዴራል መንግሥቱ ያስከፍል የነበረው ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ካሊፎርንያ፣ ኒው ጀርሲ፣ ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ግን የራሳቸው ቅጣት አላቸው። በቅጹ ላይ ተያይዘው የሚመጡት የአደጋ፣ የሆስፒታል ቀንና የከባድ በሽታ መድኖች የተወሰነ ገንዘብ በእጅ የሚሰጡ ተጨማሪዎች ናቸው፤ የጤና መድንን አይተኩም።

ሰነዱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳያነቡ መፈረም አያስፈልግም። የመድን ኩባንያዎች በስልክ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፤ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። ልጅን ለሕክምናና ለገንዘብ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ ግን ለልጁም ለወላጁም ጥሩ አይደለም።

የትዳር ጓደኛና ልጅ የሚያስመዘግብ ሰው ማስረጃ ይጠየቃል። በአማርኛ የተጻፈ የጋብቻ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት በተረጋገጠ ትርጉም ካልቀረበ ውድቅ ሊደረግ ይችላል፤ ማስተርጎሙም ቀን ይፈጃል፤ 30 ቀኑ እየሄደ ነው። ምዝገባው ሲያልቅ የማረጋገጫው ገጽ ይታተማል ወይም ፎቶ ይነሳል። የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ ደግሞ ሦስት ነገር ይታያል፤ የተቆረጠው መጠን ከተመረጠው ፕላን ጋር አንድ መሆኑ፣ ግብር ከመታሰቡ በፊት መቆረጡ፣ በተላኩት ካርዶች ላይም የሁሉም የቤተሰብ አባላት ስም እንደ ሰነዶቻቸው በትክክል መጻፉ። ስሕተት ካለ በዚያው ሳምንት ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ይገለጻል።